ይቅርታ ጠይቄ ምስክር ሆንኩ

ልጄ የተከሰሰችው የአገራችንን ልጅ ገፍትራ ክንዷን ሰበረች ተብላ ነው። የተጣሉት እዚህ በምንኖርበት ከተማ፣ ሃቫና የሚባለው መንገድ ላይ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። "አልነካኋትም፣ ራሷ ናት ተደናቅፋ የወደቀችው" አለችኝ፤ አመንኳት። የዚህን አገር ዜግነት አልወሰደችም። ከተፈረደባት ወደማታውቀው አገር ሊመልሷት ይችላሉ ተባልን። በሦስት ዓመቷ አዝዬ ያመጣኋት ልጅ ናት።

እኔ ሳድግ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ነው የሚላከው። ያንቺ ልጅ ደህና ሆና የሰው ልጅ ክንዷ ከታሰረ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ማሩን ትያለሽ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቻምበርስ ሮድ፣ የልጅቷ እናት አፓርትመንት ሄድኩ። በሩ ላይ ተንበርክኬ "ልጄ በድላለች፣ ለኔ ስትይ" አልኳት። አለቀሰች። "ተነሺ፣ አንቺን ምን አደርግሻለሁ" አለችኝ። ታርቀን ቤቴ ገባሁ።

ልጅቷ ግን "እናቷ ራሷ መጥታ አምናለች" ብላ ለዓቃቤ ሕጉ ነገረችው።

ጠበቃችን ነገሩ በጁሪ እንዲታይ ጠይቃ፣ መዝገቡ ከትንሹ ፍርድ ቤት ከፍ ወዳለው የካውንቲ ፍርድ ቤት ተዛውሮ ነበር። "የሚፈርዱት ከየቤታቸው የተጠሩ ሰዎች ናቸው፣ ይሻላል" ብላን ነበር በአስተርጓሚ። ከአዲሱ ፍርድ ቤት በመጣው ወረቀት ላይ ስሜ አለ፤ የከሳሽ ምስክር ተብዬ። ልጄ መኪና ውስጥ አነበበችልኝ።

"ማሚ፣ ምንድን ነው ያልሻቸው?"

"ይቅርታ ነው የጠየቅሁት።"

"ላላደረግኩት?"

"እንዲበርድ ብዬ ነው።"

"ኦኬ፣ አሁን ደግሞ ሂጂና ጁሪዎቹ እግር ላይ ውደቂ" ብላ ሳቀች። ወረቀቱን አጣጥፋ መኪናውን አስነሳች።

በቀጠሮው ቀን፣ ምስክር ተራው ሳይደርስ ችሎት አይገባም ብለው ኮሪደር አስቀመጡኝ። ስጠራ ገባሁ።

"'ልጄ በድላለች' ብለሻል?" አለኝ ዓቃቤ ሕጉ።

"አዎ፣ ግን..."

አመስግኖኝ ተቀመጠ። ጠበቃችን ተነስታ ለምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ስለ ሽማግሌ ተናገርኩ። አስተርጓሚዋ የኔን ረጅም ወሬ በሁለት ቃል ጨረሰችው። ጁሪዎቹ ደብተራቸውን ያያሉ።

በማግስቱ ከሰዓት ጥፋተኛ ናት አሉ።

ስወጣ የዚያች ልጅ እናት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ክንዴን ያዘችኝ።

"እኔ እኮ ምሬሽ ነበር" አለች።

ልጄን በሌላ በር ወስደዋታል።