አስር ቁጥር ቁልፍ

የመምህሯ መኪና አልነሳም ብላለች። መካኒኩ ግን ኮፈኑን ሳይከፍት ፈረደ። "መብራት ሳያጠፉ አሳድረዋት ነው፣ እትዬ!" አላቸው፣ ጋራዡ ሁሉ እየሰማ።

"ኧረ አጥፍቻለሁ! አንተ ባትሪዋን ከቀየርክላት ወዲህ ነው እንዲህ የምትሆነው" ቢሉት ማን ይስማቸው።

ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ሽቦ ነካ ቢያደርገው ተወዛወዘ። ባለፈው ሳምንት ራሱ ሳያጠብቀው የተወው ነው። ይሄስ ይሁን፤ ከባትሪው ጎን የጠፋበትን አስር ቁጥር ቁልፍ፣ ያንን የብሎን መፍቻ፣ ተጋድሞ አገኘው።

ቁልፉ የጠፋ ዕለት፣ አጠገቡ ጎማ የሚጠግኑትን አዛውንት ጠርጥሮ ቦርሳቸውን በሰው ፊት አራግፎባቸዋል። የወጣው ባዶ ምሳ ዕቃና የዓይን ጠብታ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ለቃቅመው አስገቡት። እሱም ይቅርታ እንኳ አላላቸውም።

አሁን ማንም ሳያየው ቁልፉን ላፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ፤ እጁንም እዚያው ተወው።

ሽማግሌው ግን ያለ መፍቻ መቆሙን ከወዲያ ሆነው አይተው ኖሯል፤ ያንኑ ቦርሳ ይዘው መጡ። "እንካ ልጄ፣ ያንተ እስኪገኝ በዚህ ሥራ" ብለው የራሳቸውን አስር ቁጥር ዘረጉለት።

በሁለት እጁ መቀበል ነበረበት። በአንድ እጁ ተቀበለ፤ ሌላኛው እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እንደጨበጠ ቀረ።