ከፈረስ ወርዶ ሰላምታ

እንጅባራ ገበያ ላብ በላብ የሆነ ፈረስ አጠገቤ ሲያልፍ፣ ሽታው ዛሬም ልቤን ያጣድፈዋል።

ያደግሁት አያቴ ዘንድ ነው። እህቴ ከወላጆቻችን ቤት ስትዳር፣ ሚዜዎቹ ይዘዋት ሳይሄዱ ልስማት ብዬ ከአያቴ ኋላ ተፈናጥጬ ወደ ዳንግላ ወረድሁ። አያቴ ግን ሽማግሌ ወይ ባልቴት ባዩ ቁጥር ይወርዳሉ፤ እኔንም ያወርዱኛል። ፈረስ ላይ ሆኖ ትልቅ ሰው ሰላም ማለት በእኛ አገር ነውር ነው። አንዲትን ባልቴት ላማቸው ወልዳ እንደሆነ ሲጠይቁ ከማዶ እልልታ ተሰማ።

«አባባ፣ ሊወስዷት ነው፤ ይፍጠኑ» አልሁ።

«ሙሽራዋ ይቺ ናት እንዴ፣ እንዲህ የቸኮለች?» አሉ ባልቴቷ።

አያቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «እኒህንስ ነገ የምናገኛቸው ይመስልሻል?» አሉኝ።

ስንደርስ እህቴ ሄዳለች።

አሁን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ላሙም ስለ ልጁም ሳልጠይቅ አላልፍም። እየጠየቅሁ ግን እግሬ ወደ እህቴ ይሮጣል።