ከንፈሩ የሻረ ዓሣ

ልጄ ጻባ፣ የእስራኤል ጦር፣ ገብታ ዩኒፎርም ልትለብስ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ዓሣ ማጥመድ ጀመረች። ዓርብ ዓርብ በጠዋት የማጥመጃ ዘንጓን ይዛ ከሰፈራችን ከሮቫ ቴት በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች፤ ቀትር ላይ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

«ዓሣውስ?» እላታለሁ።

«ሺኽራርቲ፣ ኢማ።»

በዕብራይስጥ «ለቀቅኩት፣ እማዬ» ማለቷ ነው። ይህን ቃል የማውቀው ወታደር ሲሰናበት ወይም እስረኛ ሲፈታ ነው፤ ለዓሣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ደክሞ ይዞ፣ መልሶ የሚጥል ሰው አለ? እኛ ስናድግ እንስሳ የሚታረደው ሊበላ ነው። ለጨዋታ ብሎ የሚያቆስል ልጅ ይገረፍ ነበር።

ስለዚህ አላመንኳትም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ውሸት አይጠፋኝም ብዬ አስብ ነበር። ልትታጠብ ስትገባ የሹራቧን እጅጌ አሸተትኩ። ባሕር ባሕር ይላል፤ ዓሣ ግን አይልም። ወንድ ይኖራል አልኩ። ወይም የሚያጨሱ ጓደኞች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ድስት የማማስል መስዬ እጠጋለሁ።

አንድ ሐሙስ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«ነገ አንድ ዓሣ ይዘሽ ነይ። አለዚያ ይህን ዘንግ እሰብረዋለሁ።»

«ልትበዪው?»

«ላየው።»

«ለመታየት ብቻ ይሙት? እኔ እኮ አልገድልም።»

«ታቆስያለሽ ግን። ከንፈሩን በመንጠቆ በስተሽ ሂድ ስትይው ያመሰግንሻል?»

«ይሽራል፣ ኢማ።»

«ማን ነገረሽ? ደውሎ ነገረሽ?»

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

በማግስቱ በፌስታል አንድ ዓሣ አምጥታ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠችና ሳታየኝ ክፍሏ ገባች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ከሱቅ ገዝታው ይሆናል ብዬ ነው። ክንፍና ቅርፊት እንዳለው አየሁ፤ የሌለውን አንበላም። ስንጥቡን ገልጬ ተመለከትኩ፤ ደሙ ገና ቀይ ነው። መንጠቆው የገባበትን ፈለግሁ።

ከንፈሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ አገኘሁ። አንዱ ትኩስ ነው። አጠገቡ ያለው ግን ጠርዙ ነጥቶ፣ ጠንክሮ፣ ሽሯል። ከዚህ በፊት የያዘው ሰው ለቆት ነበር ማለት ነው። ምናልባት እሷው ራሷ።

ጠራኋትና ጣቷን ይዤ አስነካኋት።

«ተፈትቶ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

መጣሉ ደግሞ ሌላ ኃጢአት መሰለኝና ጠበስኩት። እሷ ዳቦና ሰላጣ በላች፤ እኔ ለብቻዬ ዓሣውን በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ዛሬም ለጨዋታ ብሎ አፍ መብሳት ነውር ነው እላለሁ። ነገር ግን ያን ዓሣ ያስገደልኩት ርቦኝ አይደለም፤ ልጄን ስላላመንኳት ነው። አሁን ዓርብ ባዶ እጇን ስትመለስ «ዓሣውስ?» አልላትም።

እጅጌዋን ግን አሸታለሁ። ባሕር ባሕር ይላል።