ከድሪቶው የተፈታው እራፊ

ልጅ ሳለሁ ነገር ሁሉ የተበላሸብኝ በአንድ የአረፋ ዋዜማ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ኑሮዬ ደህና ነበር ማለት እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ላለው ግን እስካሁን ስም አላወጣሁለትም። ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መመረቄን፣ ዛሬ ኮሌጅ ማስተማሬን እያነሱ «ያ ሁሉ አለፈ እኮ» ይሉኛል። ያለፈው ለእነሱ ነው።

ያኔ የምኖረው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ በአጎቴ ቤት ነበር። አባቴ ሲሞት ወስዶ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሙ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ መካ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ስሙን ትተው ሐጂ ይሉት ነበር። በቤቱ ሚስቱ ከድጃ፣ ለመዳር የደረሰች ልጃቸው ዘሀራ፣ እኔና እትዬ ሐዋ ነበርን። እትዬ ሐዋ የአባቴና የአጎቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ሲሞት ልጅ ስላልነበራቸው ከዛሪማ መጥተው ከሐጂ ቤት ተጠጉ። «እኔ የማንንም እንጀራ በነጻ አልበላም፤ መርፌዬ ታበላኛለች» ይሉ ነበር። ሥራቸው ድሪቶ መደረት ነው።

በሌላ ቤት ድሪቶ የድሃ ልብስ ስም ነው። በእኛ ቤት ግን ሴት ልጅ ስትዳር ይዛው የምትሄደው ትልቁ ብርድ ልብስ ነበር፤ ከላይ እራፊ ከእራፊ እየተጋጠመ የተሰፋ፣ ከመሐል ጥጥ የተነጠፈበት፣ ከሥር ነጭ አቡጀዲ ገበር የሚደረግለት። ደንብ ነበረው። ከቤቱ ሰው ሁሉ አንድ አንድ እራፊ ይገባበታል፤ እራፊው ባለቤቱ የለበሰው ወይም የእኔ የሚለው፣ በገዛ እጁም የሰጠው መሆን አለበት። ሳይሰጥ የተወሰደ ጨርቅ ከገባበት በሙሽራዋ ትዳር ጠብ ይገባል ይባላል። በድሪቶው ላይ እራፊ ያለው ሰው የቤቱ ሰው ነው። እኔ ለዘሀራ የሰጠሁት የአባቴን ሸሚዝ ጀርባ ነው፤ ሰማያዊ ባለ መስመር። ከአባቴ የቀረኝ ሌላ ነገር አልነበረም።

የእኔ ሥራ መላላክ ነበር። ጠዋት ከቦኖ ውኃ እቀዳለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ ላምባ እገዛለሁ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ለቅሜ ለእትዬ ሐዋ አመጣለሁ። እሳቸው ከረጢቱን መደብ ላይ ይዘረግፉና እያንዳንዱን በጣታቸው እያሻሹ «ይኸ ፖፕሊን ነው፣ ይኸ ከፋይ ነው፣ ይኸ የማይረባ ነው» እያሉ ይለዩታል። ያኔ የሙያቸው ብልጠት ይመስለኝ ነበር።

ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበርና፣ ፋኖሱ ከሳጥኑ ክዳን ላይ ይቀመጣል፣ ማንደጃው ላይ ያለው ፍም እያንዳንዱ ቀስ በቀስ አመድ እየለበሰ ይሄዳል፣ የላምባው ሽታና የአዲስ ጥጥ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላዋል፣ ድሪቶውም ከእትዬ ሐዋ ጭን ተነሥቶ እስከ እኛ እግር ድረስ ስለሚዘረጋ እኔና ዘሀራ ጠርዙን ተሸፍነን ተረት እንሰማ ነበር። ለተረታቸውም ደንብ ነበረው። ተረቱ ሲያልቅ መርፌያቸውን ያቆሙና «በሉ ፍረዱ» ይላሉ። ፍርዱን ያሳመረ ልጅ መርፌው ይሰጠዋል፤ ክር አስገብቶ ይመልስላቸዋል። ለእኛ ትልቅ ሹመት ነበር።

ከሁሉም የማስታውሰው የቆቋን ነው። አንድ ቃዲ ነበር። የቅቤ ቅሉ ተሰብሮ፣ ቅቤው ተልሶ ተገኘ። የሰበረችው ድመት ናት፤ ቆቋ ከጓሮ ሆና በመስኮት አይታለች። ነገር ግን እንቁላሎቿ ያሉት ድመቷ ከምትተኛበት አጥር ሥር ነበር። ፍየሏ ደግሞ በዚያው ቀን ጨው ልትልስ ወደ ቤቱ ገብታ ወጥታለች። ቃዲው ቆቋን ጠርቶ «ምን አየሽ?» ቢላት «ፍየሏ ስትገባ አይቻለሁ» አለች። ፍየሏ ታረደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆቅ ኮቴ በሰማች ቁጥር የጠሯት እየመሰላት በድንጋጤ ትበራለች።

«በሉ ፍረዱ» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ቆቋ ምን አጠፋች? አልዋሸችም» አለች ዘሀራ።

«አጥፍታለች» አልሁ።

«ምነው ኑሩ? ፍየሏ ገብታ የለም?» አለችኝ።

«ገብታለች። ቆቋ ግን የቀረውን ዋጠችው።»

እትዬ ሐዋ ሳቁ። «ሸጋ ፈረድህ። ይኸ ልጅ ቃዲ ሳይሆን አይቀርም» አሉና መርፌውን ሰጡኝ። ያን ሌሊት በኩራት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ ቀኑ ልመለስ። የዘሀራ ሠርግ ከአረፋ በኋላ ነበር፤ ድሪቶው ከገበሩ በቀር አልቋል። በዋዜማው ከሰዓት ከድጃ ገበያ ወጥታለች፣ ዘሀራ ሂና ልትቀባ ጎረቤት ሄዳለች፣ ሐጂ ሱቅ ነው። መብራት የለም፤ ሰማዩ ዳምኖ ቤቱ ጨልሟል። ከእትዬ ሐዋና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ኑሩ፣ ሂድና ከሐጂ ሳጥን ውስጥ ነጩን አምጣልኝ። አቡጀዲው ነው። ከድጃ እዚያ አስቀምጣልኛለች» አሉኝ።

ሳጥኑ ሌላ ጊዜ ተቆልፎ የሚኖር ነው፤ የበዓል ልብስ ስለወጣ ያን ቀን ክፍት ነበር። ከላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አገኘሁና አመጣሁ። እትዬ ሐዋ በጣታቸው አሻሹት፣ ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት፣ «ይኸው እሱ ነው» አሉ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁላቸው፤ በመቀስ ቆረጡት።

አቡጀዲው መደብ ላይ ነበር። የቆረጥነው የሐጂን ኢሕራም ነው፤ መካ ሲሄድ የለበሰውን፣ በዘምዘም ውኃ ነክሮ ያደረቀውን፣ ሲሞት ሊከፈንበት ያስቀመጠውን። እኔ በየዓመቱ የማውቀው በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው፤ ያን መጠቅለያ ከድጃ ለበዓሉ ልታጥበው አውጥታዋለች።

ሐጂ በየአረፋው ዋዜማ ኢሕራሙን አውጥቶ ሽቶ አስነክቶት መልሶ ማጠፍ ልማዱ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሳጥኑን ሲከፍት ከሁለቱ የኢሕራም ጨርቅ አንዱን አጣ። ዞር ሲል በፋኖሱ ብርሃን እትዬ ሐዋ ጭን ላይ አየው፤ እኩሌታው ከድሪቶው ጋር ተሰፍቷል።

«ሳጥኑን ማን ከፈተው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እኔ» አልሁ።

«ምነው?»

«እትዬ ሐዋ አምጣ ብለውኝ ነው።»

ሐጂ ወደ እሳቸው ዞረ። «አክስቴ፣ እርስዎ ነዎት ያዘዙት?»

መርፌያቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። «እኔ አቡጀዲ አምጣ ነው ያልሁት» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ጠበቅሁ። ከድጃ «አቡጀዲውማ መደብ ላይ ነው ያለው፤ ከሳጥን ምን አስገባው? የወንድምህ ልጅ ድሮም ዓይኑ ከሳጥን አይጠፋም» አለች። አሁንም ጠበቅሁ። እትዬ ሐዋ አንገታቸውን ደፍተው ስፌቱን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

ሐጂ አልመታኝም። ጨርቁን ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠና «መርፌ የነካው ለከፈኔ አይሆንም» አለ፤ ለማንም አልነበረም። ያን ሌሊት እንዳለቀሰ ከዘሀራ ሰማሁ። በዓሉ እንዳለፈ ማክሰኝት እህል ለሚነግድ የሩቅ ዘመድ ሊሰጠኝ ወሰነ።

ከድጃ ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «ያልሰጡትን የሚወስድ ሰው እራፊ ከልጄ ድሪቶ ላይ አያድርም» አለች። በደንቡ መሠረት ተሳስታለች ማለት አልችልም። እራፊዬን እንዲፈቱ የታዘዙት እትዬ ሐዋ ናቸው።

ድሪቶውን ዘርግተው መቀሳቸውን ያዙና ቆዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንተ የትኛው ነው?» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ድሪቶ ላይ ሰማያዊ የእኔ ብቻ ነበር። ከእጃቸው ሥር ነበር። ያኔ ገባኝ፤ ጨርቅ ማሻሸቱም፣ ፍርዱም፣ ለልጅ መርፌ መስጠቱም ምን እንደነበር። ዓይናቸው ክር ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ቀለም መለየት አቁሟል፤ ይህንንም ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጣታቸውን ይዤ እራፊው ላይ አኖርሁላቸው። ፈትተው መለሱልኝ። ክፍተቱን በሌላ ጨርቅ ሊደፍኑ መርፌውን ዘረጉልኝ፤ ክር አስገባሁላቸው። የራሴን ቦታ የደፈነውን ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኝት ስለነበረው ኑሮ ብዙ አልጽፍም። ጆንያ ተሸከምሁ፤ በማታ ተማርሁ። ወሬው ቀድሞኝ ስለደረሰ በዚያ ቤት አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሐጂ «አላህ ይርዳው» ብሎ ላከልኝ፤ ቤቴ ና ግን አላለኝም። ሲሞት ከቀባሪው ጋር ከኋላ ቆምሁ። ከሱቁ በወጣ አዲስ ጨርቅ ነው የከፈኑት።

እትዬ ሐዋ ምን እንደፈሩ ዛሬ አውቃለሁ። ዓይናቸው መጥፋቱ ቢታወቅ መርፌው ይወሰድባቸዋል፤ መርፌ የሌላቸው እትዬ ሐዋ ደግሞ በዚያ ቤት ምን ይሆናሉ? ይህን ለተማሪ ባስረዳው የሚያሳዝን ነገር ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ በዚያ ቤት እሳቸው ከነበራቸው የበለጠ መጠጊያ አልነበረኝም፤ አባት የሌለኝ ልጅ ነበርሁ።

በቅርቡ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በዚያው መደብ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ያም ሆኖ በዳሰሳ ይሰፋሉ። አሁን ዓይናቸው መጥፋቱን ሁሉም ያውቃል፤ መርፌያቸውን የወሰደባቸው ግን የለም። የዘሀራ ልጆች ከበዋቸዋል። እኔ ከመግባቴ በፊት የጀመሩት ተረት ስለነበር እስኪጨርሱ ተቀመጥሁ። የቆቋ ተረት ነው። ቅሉ ተሰበረ፣ ፍየሏ ገባች፣ ድመቷ አጥር ሥር ተኛች። ከዚያ «ቃዲው ማንንም ሳይጠይቅ ፈረደ» አሉ።

እንዲያ አልነበረም። ቃዲው ጠይቋል። ቆቋ ተጠርታ መጥታለች፣ ተጠይቃለች፣ መልሳለች። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ከእሳቸው ሌላ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ልጆቹ ፈረዱ፤ መርፌው ዞረ፤ ትንሿ ልጅ ክሩ አልገባ ቢላት ለእኔ ሰጠችኝ። አስገብቼ በእጃቸው አኖርሁላቸው።

«ቶሎ ገባ። ማን ነው ያስገባው?»

«ኑሩ ነኝ፣ እትዬ ሐዋ።»

እጃቸው ቆመ። «ሐጂ አውፍ ብሎህ ነው የሞተው። ለእኔ ነው የነገረኝ» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ ምን ቀረህ?» አሉኝ።

በልጆች ፊት ስለነበር ተነሥቼ ወጣሁ። ያላጠፋሁትን ይቅር ተብያለሁ፤ ይቅር ያለኝ ሰው ሞቷል፤ ያልሆነውን እውነት ብሎ እንደያዘ ነው የሄደው። ከእነዚያ ምሽቶች ሁሉ ዛሬ በእጄ ያለው የአባቴ ሸሚዝ እራፊ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ የእሳቸው መርፌ የገባባቸው ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። ከተረቶቹ ደግሞ የቀረኝ በልጅነቴ የሰጠሁት ያ ፍርድ ነው። ሸጋ ነው ብለውኝ ነበር።

ይህን የሚያነብልዎ ልጅ በቤቱ አለ፤ ስለዚህ ለእርስዎ ነው የምጽፈው፣ እትዬ ሐዋ። ምን ቀረህ ብለውኛል። የቀረኝ ያልጨረሱት አንድ ቃል ነው። አቡጀዲ አምጣ ብለውኛል፤ እውነት ነው። ከየት አምጣ ነበር ያሉኝ? ልጆቹ ተቀምጠው እየሰሙ ይመልሱልኝ።