በኅዳግ ላይ የተጻፉ ጎረቤቶች

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር ሰው ማማት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሀና ማርያም ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እሱ ያነባል፣ እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። መጽሐፉ የጥንት ጸሐፍት ስለ ሰው ባሕርይ ያሉትን የሰበሰበ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ ወፍራም ጥራዝ ነው። ስለ ንፉግ ሰው የሚናገረውን አንብቦ ሲጨርስ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ማነው ይሄ?»

«ወንድምህ ነዋ!»

«የትኛው?»

«ሁለቱም።»

እየሳቀ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ወንድሞቼ» ብሎ ጻፈ። ሰኞ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቆመ።

ይህን ጨዋታ ለዓመታት ተጫውተነዋል። ኩራተኛው፣ አድር ባዩ፣ ምቀኛው፣ ሁሉም ከሰፈራችን ሰው አላጡም። ብዙ ዘመን አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። መጽሐፍ ላይ የሚሞነጫጭር ተማሪ ካገኘሁ ወላጅ ሳላስጠራ አልተውም ነበር። እዚህ ግን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የምነግረው እኔው ነበርኩ። ጥበብ የምቀስም ይመስለኝ ነበር። ሐሜት የጥንት ጸሐፊ ካለበት ኃጢአት አይመስልም።

ከቀብሩ በኋላም አልተሻለኝም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት «እግዜር ያጥናሽ» ሲሉኝ፣ ጥንታውያን ስለ ሐዘንተኛ ሰው ምን እንዳሉ አብራራላቸው ነበር። አንዲት ሴት ንፍሮዋን በእጇ እንደጨበጠች አንቀላፋች።

አርባው ካለፈ በኋላ ሰው እየሳሳ ሄደ። በየቀኑ መምጣቷን ያልተወችው ከአጥር ወዲያ ያለችው ወተት የምታመጣልን ጎረቤቴ ብቻ ናት። ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቧ እዚሁ ነው፤ አሁንም ሁለት ላሞች አሏት። ግማሽ ሊትር ወተት አምጥታ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ድሮ ድምፅዋን ስሰማ ጓሮ እደበቅ ነበር። አሁን ከዘገየች በሩ ድረስ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ።

አንድ ቀን ለመሄድ ስትነሳ፣ «ቲቸር፣ ያ እንዲያ ያስቃችሁ የነበረው መጽሐፍ የታለ? እስቲ አውሺኝ፣ ልጄ ታንብብልኝ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ስለ ወሬኛ ሰው በሚናገረው ገጽ ዳር፣ በባለቤቴ እጅ፣ በእኔ አስጻፊነት፣ «ባለወተቷ፤ ካልመሸ አትሄድም» የሚል ተጽፏል። ልጇ ይህን ካነበበችላት ደጄን የሚረግጥ ሰው አይኖርም።

«ነገ» አልኳት።

በማግስቱ ላጲስ ይዤ ሰፈሩን ሳጠፋ አረፈድኩ። አድር ባዩን አጠፋሁ፣ ምቀኛዋን አጠፋሁ፣ ባለወተቷን ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈገፈግኋት። ወደ መጨረሻው ስደርስ እኔ ያላስጻፍኩት ጽሑፍ አገኘሁ። ሰውን ሁሉ በመጽሐፍ እየመዘነ ራሱ ግን ሚዛን ላይ ስለማይወጣ ሰው በሚያወራው ገጽ ዳር «ሚስቴ» ይላል። ቀጥሎ ስለ ፈሪ ሰው በሚናገረው ደግሞ፣ «እኔ። ያንን ገጽ ሳላነብላት ዘለልኩት።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በአርባ ቀን ውስጥ አልወጣ ያለኝ ለቅሶ ወጣ። ሁለቱን ማጥፋት አልቻልኩም፣ ስለዚህ መጽሐፉን ማዋስም አልቻልኩም። ስትመጣ «እኔው ላንብብልሽ» አልኳት።

የወሬኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ።

«ዘለልሽ!» አለችኝ።

መለስኩና አነበብኩላት። ተንከትክታ ሳቀች። «ይሄማ የፊት ለፊቷ ባለሱቅ ናት!»

ዝም ብል ባለፈ ነበር። ግን ስትስቅ ሳያት አፈርኩ።

«አይደለም። እኛ የጻፍነው አንቺን ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያጠፋሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ። በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ነው እኮ ቲቸር፣ ግንብ አይደለም።»

የራሴን ገጽ ገልጬ «ሚስቴ» የሚለውን አሳየኋት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረች አነበበችው፤ ገጹ ምን እንደሚል ነገርኳት።

«ይህን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋል?» አለች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እየሰማሽ ለምን ትመጪ ነበር?»

«ላሞቹን እያለብኩ ጋሼን አዳምጣቸው ነበር። ሲያነቡ ድምፃቸው ደስ ይል ነበር።» መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ ግን ክፍል ገብተሽ የምታስተምሪ ነው የሚመስለው። ዝግ በይ።»

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀስ ብዬ አነብላታለሁ።