አባቴን አንቱ ያልኩ ዕለት

ወንድሜና ሚስቱ ከሐዋሳ የመጡት አባታችንን ሊወስዱት ነበር። ሐሳባቸውን በስልክ አልደበቁኝም። “እዚያ ሙቀት ውስጥ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኛ ጋ ሐይቅ አለ፣ ነፋሻ ነው” አለኝ ወንድሜ፣ እዚችው ድሬዳዋ ተወልዶ ማደጉን ረስቶ። “ብቻውን” ማለቱ አናደደኝ፤ እኔ ከአባቴ ጋር አንድ ግቢ ነው የምኖረው። አባቴ ደግሞ እንደ ልማዱ “እሑድ እነግራችኋለሁ” ብሎ ሁላችንንም አንጠልጥሎ ተወን።

እነሱ ዓርብ ማታ ገቡ። ስለዚህ ድሬን ከሐዋሳ የማስበልጥባት አንዲት ቅዳሜ ነበረችኝ። ሥራዬ ከጉምሩክ ዕቃ ማስለቀቅ ነው፤ አይለቀቅም የተባለ ዕቃ ማስለቀቅ ስለለመድኩ ብዙም አልፈራሁም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ውድድሩ ቀላል አይደለም። አገሩን በሥራም በሠርግም ዞሬዋለሁ። ባሕር ዳር ዘንባባው ሥር ስታልፍ ሳታስበው ፎቶ ትነሣለህ። ሐዋሳ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ ሳህንህ ላይ እስኪያርፍ ብዙ አትጠብቅም፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ቆመው ይታዘቡሃል። አዳማ ሰው የሚሄደው ለስብሰባ ነው እያልን እንቀልዳለን፣ ግን አበል እየተከፈለህ መዝናናትን የሚያህል ምን አለ? ጎረቤታችን ሐረር ግንቡም ጅቡም አላት። እኛስ? እኛ ውሃ የሌለው ወንዝ አለን። ውሃ ሲመጣበት ደግሞ ማንም ሊጎበኘው አይመኝም።

የድሬ ውበት ሰዓት አለው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ያያት ሰው ይወዳታል። ቀትር ላይ የመጣ እንግዳ የሚያየው የተዘጋ በርና የተኛ ሰው ነው።

ስለዚህ በጠዋት ቀሰቀስኳቸው። መጀመሪያ ፈቲራ አበላኋቸው፤ ስስ ሊጥ ከነእንቁላሉ ተጣጥፎ የሚጠበሰውን። ምራቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ሁለተኛ ስታዝ በልቤ አንድ ለዜሮ አልኩ። ከዚያ ወደ ከዚራ፣ ወደ አሮጌው የባቡር ሰፈር፣ ገባን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ጥገና ክፍል የሠራ ሰው ስለሆነ እያንዳንዱ አሮጌ ቪላ ውስጥ የትኛው አለቃ እንደኖረ፣ የትኛው በሠራተኛ ላይ ይጮህ እንደነበር ያውቃል። በዛፎቹ ጥላ ሥር እየሄደ የአለቆቹን አጯጯህ እያስመሰለ አሳቀን። ምራቴ ሳቀች፣ ቀና ብላም ዛፎቹን አየች።

“ጥላው ደስ ይላል። ሐዋሳ ቢሆን ግን ፊት ለፊቱ ሐይቅ ይኖረው ነበር” አለች።

ይቺ ልጅ ሐይቅ የሌለበት ቦታ ሁሉ ያላለቀ ሕንፃ ነው የሚመስላት።

ወደ ታይዋን ልንሄድ ባጃጅ አቆምን። ሹፌሩ አባቴን ያውቀዋል። “አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ ደግሞ ቱሪስት ማስጎብኘት ጀመርክ? ግባ አቦ!” አለው። አባቴ እየሳቀ ገባ፤ ምራቴ ፊቷን አጠቆረች። ታይዋን የምንለው ከውጭ የሚገባ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ገበያችን ነው። እዚያ ደግሞ አንዲት ሶማሌ ሻሽ ሻጭ አባቴን ከሩቅ አይታ “ዋርያ! አንተ፣ እንግዳ ይዘህ በባዶ እጅ ልታልፍ ነው? ለልጅህ ሻሽ ግዛላት እንጂ!” ብላ ጮኸችበት። በሶማሊኛ መለሰላት፤ ጎረቤቷን በኦሮምኛ ነካካት፤ በአማርኛ ወደ እኛ ሲመለስ ሁለቱም ሴቶች እየሳቁ ነበር። ያን ጊዜ ውድድሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። ሲወዱህ አንተ፣ ሲያከብሩህም አንተ ነህ። እኛ አባታችንን አፋችንን ከፈታንበት ጊዜ ጀምሮ አንተ ነው ያልነው። አንቱ የሚባለው የማያውቁት እንግዳ ነው፣ ወይም ሊርቁት የፈለጉት ሰው።

ምራቴ ይህን ከየት ታውቃለች? ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። “እኚህን የሚያክሉ ሰው ሁሉም እየተነሣ አንተ ይላቸዋል? ልጃቸው አንቺ እንኳን? ሐዋሳ ቢሆኑ ወጣቱ ተነሥቶ ነው የሚያስቀምጣቸው።”

ተናደድኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን አፈርኩ። ከተማዬን ላሳይ ወጥቼ አባቴን ያዋረድኩ መሰለኝ።

ምሳ ላይ እንዲህ አልኩ፦ “አባዬ፣ ውሃ ልቅዳልዎት?”

አባቴ ዞሮ ከኋላው አየ። ከኋላው ግድግዳ ነው ያለው። “ማንን ነው?” አለኝ።

“እርስዎን።”

ወንድሜ ሊታነቅ ደረሰ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ፤ ምራቴም ራሷን እየነቀነቀች ታበረታታኛለች። “ወደዚህ ይጠጉ። ይደገፉ። ደከመዎት እንዴ?” አልኩ። አባቴ ቀልዱን አቆመ፣ ጥቂት ጎርሶ ተነሣና ሊተኛ ገባ። ሙቀቱ ነው አልን።

አመሻሽ ላይ ግቢ ወጥቶ ከመቀመጡ፣ “እሑድ ድረስ ምን ያስጠብቃል? እሄዳለሁ” አለ።

ወንድሜ ተነሥቶ አቀፈው። እኔ ልብስ የማነሣ መስዬ ወደ ገመዱ ሄድኩና ደረቅ አንሶላ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ሐይቁ አሸነፈኝ፣ አልኩ።

ጠዋት ክፍሉ ስገባ ሸሚዝ እያጣጠፈ ነው።

“ሐይቁ ነው አይደል?” አልኩት።

“የምን ሐይቅ? እኔ ዓሣ እንኳ አልወድ፣ ወላሂ!” ቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፤ ድሬ ላይ ግን ወላሂ የሁሉም ነው።

“ታዲያ ምንድነው?”

ሸሚዙን ፈትቶ እንደገና አጣጠፈው። “ሌላ ሰው አርጅተሃል ቢለኝ ግድ የለኝም። አንቺ ትናንት ‘ደከመዎት?’ አልሽኝ። ልጄ እንግዳ ካደረገችኝ ደግሞ፣ እንግዳ የምሆንበት ቤት ሐዋሳም አለኝ።”

እኔ ማክበሬ ነው ያልኩትን ሁሉ፣ እሱ እንደ መሸኘት ነው የሰማው። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ጩኸት ነው።

“አንተ! አብደሃል እንዴ? ምራትህን አፍሬያት ነው! ያንን ሸሚዝ አስቀምጥ አቦ! አንተ ከሄድክ እኔ እዚህ ግቢ ከማን ጋር ልጣላ ነው?”

ለካ ምራቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። አባቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንባው ሁሉ ከሳቁ እንዳልመጣ ሦስታችንም አውቀናል። ምራቴ ሻዩን አስቀምጣ በቀስታ ወጣች።

ለወንድሜ ግን ቃል ሰጥቷል፤ ቲኬቱም ተቆርጧል። “በቃ፣ ቱሪስት ሆኜ ነው የምሄደው” አለ። “አንድ ወር ሐይቃቸውን አይቼላቸው እመለሳለሁ።”

መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አባቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጠራኝ። “ወሩ ከረዘመብሽ ደውይና ‘አንተ፣ አትመጣም?’ በዪኝ። ሌላ ምንም አትበዪ። በማግስቱ መኪና ላይ ነኝ።”

በአራተኛው ቀን ደወልኩ።