ከቆዳዬ በታች የደደሩ ጠጠሮች

ሰው ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ፣ ካስፈለገም ስለ ሐሞት ጠጠሩ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያወራል። በቆለጡ ከረጢት ቆዳ ላይ ስለወጣ ነገር ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ ላወራ ነው። ሌላው ዝም ባለበት መናገር የቆየ ልማዴ ነው፤ ደግሞም ምስጋና አለብኝ።

ገላዬን ስታጠብ ነው ያገኘኋቸው፤ ጠንካራ፣ ነጣ ያሉ፣ ትንንሾቹ ምስር፣ ትልቁ ሽንብራ የሚያክሉ። አያሙም፣ አያሳክኩም። ብዙ የሚያነብ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት አንብቦ ይታመማል። ካልሲየም ቆዳ ውስጥ ተጠራቅሞ እንዲህ ሊደድር እንደሚችል አነበብኩና ምክንያቱን ራሴ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢዲዶ መንደር ያለችውን የቡና ማሳችንን ለማየት በሞተር ኮረኮንቹ ላይ የተንገጫገጭኩባቸውን ዓመታት ነው። ቀጥሎ የዲላን የቧንቧ ውሃ ከሰስኩ። በመጨረሻ ወተት ላይ ፈረድኩ፤ ካልሲየም አለው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ስለነበር ማስረጃው በቂ መሰለኝ።

ለሚስቴ አልነገርኳትም። ካንሰር ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት እንኳ ሁለተኛ ነበር። የመጀመሪያው፣ እዚያ ቦታ የወጣ ነገር ያየች ሚስት ምን ታስባለች የሚለው ነው። በር ዘግቼ ልብስ መቀየር፣ ጀርባዬን ሰጥቼ መተኛት ጀመርኩ። አንዳች ሳላጠፋ እንደ ጥፋተኛ ኖርኩ።

ያጋለጠኝ ወተቱ ነው። ከዲላ ወጣ ብላ ያለችው ጪጩ፣ አማቴ ቤት ሄደን ቆጮና አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ቀረበልኝ። ቆጮውን በላሁ፤ ወተቱን ወደ ጎን ገፋሁት። አማቴ ኩባያውን አዩና፣

«ላሟ ምን አደረገችህ?» አሉ።

ሐኪም ከልክሎኝ ነው ብዬ ዋሸሁ።

«የትኛው ሐኪም?» አለች ሚስቴ።

 በባጃጅ ወደ ዲላ ተመለስን። ቤት ስንገባ በሩን ዘጋችና ቆማ፣

«ይኸው ስንት ወር ጀርባህን ሰጥተኸኛል። አሁን ደግሞ የማላውቀው ሐኪም መጣ። ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ» አለች።

መስኮቱ አጠገብ ሄጄ ሱሪዬን አወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አጭርና ግልጽ ክርክር አቅርቤ አላውቅም። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለዚህ ብለህ ነው የእናቴን ወተት የገፋኸው?»

በማግስቱ ራሷ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሐኪም ጋሼ እያለ መረመረኝ፣ ደሜን አስመረመረ፣ ትልቁን በማደንዘዣ አውጥቶ ለምርመራ ወደ ሐዋሳ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም አስቀምጦ አስረዳን። ካንሰር አይደለም። አንዳንድ ሐኪሞች ከቆዳ ስር የቆዩ ትንንሽ እባጮች ውስጣቸው እየደረቀ ነው የሚደድሩት ይላሉ፤ አንዳንዶች ቀላል ጉዳትን ይጠረጥራሉ። የደም ካልሲየም ሲዛባ የሚመጣም አለ፤ የእኔ ግን ልክ ነው፣ ወተት መተው አያስፈልገኝም። ሞተሩስ ብዬ ጠየቅኩት።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ የእርስዎ ከምን እንደመጣ አላውቅም። የብዙ ሰው ምክንያቱ አይገኝም።»

ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ካላቸው ሰዎች ጋር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ አንዱም እኔ ነኝ። ነጭ ጋዋን ለብሶ አላውቅም የሚል ሰው ፊት ስቀመጥ ግን ሸክሜ ቀለለኝ። አመስግኜው ልወጣ ስነሳ ሚስቴ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር ከሴት ይተላለፋል?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አይተላለፍም እትዬ። ከማንም አይመጣም፣ ወደ ማንም አይሄድም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አላየሁም። ግቢው ውስጥ ስንደርስ፣ እስከ ዛሬ ስትጠረጥሪኝ ነበር ማለት ነው ብዬ አኮረፍኩ።

«እኔማ መስኮቱ ጋ ፊትህን ሳየው መጠርጠሬን ጨርሻለሁ» አለች። «የጠየቅኩት አንተ ሰምተህ መፍራትህን እንድትተው ነው። ማታ ማታ ጀርባህ ሰለቸኝ።»